ስለ ጨርቆቹ ያልጻፍኩልዎ

ከሞላሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለምንይሉ፤ አገርህ ቢርቅም ከአሳቤ ላልራቅከው፤

እኔም የቤቴ እመቤት አልጣሽም ከውርጩ ጋር እየታገልን በኪዳነ ምሕረት ጥላ ሥር በሕይወት አለን። አምላክ ይመስገን። የእሷ ረድኤት አንተንም በሄድክበት አይለይህ።

ይህን የምጽፈው በወረቀት ነው። ልጄ እፀገነት በስልኳ ፎቶ ታነሳውና ደብረ ብርሃን በወረደች ቀን፣ ኔትወርክ ስታገኝ ትልክልሃለች። የአንተንም መልስ እዚያው አሳትማ ታመጣልኛለች። ደውልልኝ አትበለኝ። እዚህ ስልክ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። ደግሞ በስልክ ስናወራ «ደኅና ነኝ የኔታ» ብለህ ትዘጋለህ። በወረቀት ግን ሰው ቢያንስ አንድ ገጽ መሙላት አለበት።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ሴቶቹ የሚያስቀድሱበትን የደቡቡን በር ታስታውሳለህ። ክረምት ጭቃ፣ በጋ ውርጭ ነው። ባለፈው ነሐሴ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ እዚያ ተንሸራትተው ክንዳቸው ተሰበረ። እኛም አዘንን፣ አፈርንም፤ አናጺው ተገኘ ከጣውላ ሃያ እርምጃ የሚሆን በረንዳ ሠራልን። ታዲያ ገና የአንድ ክረምት ጭራ ቢያገኘው ጠቆረ፤ አሁን ደግሞ ፀሐዩ እየሰነጠቀው ነው። ተገኘ «የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንቀባው» ይላል። እኔ አልወደድኩትም።

እፀገነት እንደነገረችኝ፣ አንተ እዚያ የሰዎችን የእንጨት በረንዳ እያጠብክና ቅባት እየቀባህ ትኖራለህ አሉ። እውነት ነው? እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ኮንስትራክሽን ላይ ነው» እያልኩ ስንት ዓመቴ! ምነው ደበቅከኝ? ድጓ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ተራው ያንተ ነውና አስተምረኝ። ንግሣችን የካቲት 16 ነው። እስከዚያ እማሆይ በደኅና እንጨት ላይ ቆመው ያስቀድሱ ዘንድ እፈልጋለሁ።

አጎትህ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል


ከቤርገን፣ ኖርዌይ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር የኔታ፤ ከሩቅም ቢሆን ጉልበትዎን እስማለሁ። እትዬ አልጣሽን፣ እፀገነትን፣ የደብሩን ካህናት ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

እውነት ነው። የደበቅኩት አፍሬ ነው። ማኅሌት የቆመ ልጅ ሄዶ ሄዶ የፈረንጅ በረንዳ ጠራጊ ሆነ እንዳይባል ብዬ ነው። እርስዎ ግን ይኸው ጠየቁኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ስለ ሥራዬ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እዚህ አገር ዝናብ የማይዘንብበት ቀን ይቆጠራል። ቤታቸው እንጨት ነው፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ ሁሉም የእንጨት በረንዳ አለው። በዓመት ስንት ቀን ፀሐይ ብትወጣ ነው፣ ለዚያች ቀን ብለው በረንዳውን እንደ ልጅ ይንከባከቡታል። እኛ አረንጓዴውን ሻጋታ እናጥባለን፣ ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፣ ከዚያ ቅባት እናጠጣዋለን። እንጨት ቅባት ይጠጣል፣ የኔታ። ሲጠጣ ቀለሙ ሲመለስ ማየት እኔን እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንዳትቀቡ! የሴቶቹን ነጠላ ሁሉ ያበላሻል። ቅባቱ ምን እንደሆነ ቢያውቁ ይስቃሉ፤ ተልባ ነው። ሥራ በጀመርኩ ቀን ቆርቆሮውን ከፍቼ ሳሸት የሁዳዴ ጾም መጣብኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንዷለም የሚባል የግሼ ራቤል ልጅ «እዚህ ድረስ መጥተን ተልባ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደድን።

ጣውላው የምን እንጨት ነው? በጣውላና በጣውላ መካከል ክፍተት አለው? እነዚህን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ምንይሉ


ከሞላሌ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ፤ ሰላምታዬ ከነምርቃቱ ይድረስህ። መልሴ የዘገየው መንገዱ አሥራ አምስት ቀን ተዘግቶ እፀገነት መውረድ ስላልቻለች ነው። ክፉ አታስብ።

ጣውላው ባሕር ዛፍ ነው፤ በመካከሉ ትንሽ ጣት የምታስገባ ክፍተት አለው። ተገኘ ይህን ስነግረው «እንዴት አወቀ?» ብሎ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ስላንተ በአክብሮት ነው የሚያወራ።

የተልባውን ነገር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብናገር ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አልጣሽ «እኛ ለጾም ያስቀመጥነውን ጣውላ ሊጠጣው ነው?» ብላ አላገጠችብኝ። በማግሥቱ ግን የመጀመሪያውን ጭልፋ ይዛ የወጣችው እሷ ናት። እያንዳንዷ ከጎተራዋ እፍኝም ቁናም አምጥታ ሦስት ማዳበሪያ ሞላ። ደብረ ብርሃን ዘይት መጭመቂያ ቤት ልከን አስጨመቅነው። አሁን ቤቴ በጀሪካን ተቀምጦልሃል።

ያንን የራቤል ልጅ ወደድኩት። «ይሠራ የነበረ» ያልከው ግን ወዴት ሄዶ ነው? የማን ልጅ ነው? ግሼ ብዙ ዘመድ አለኝ። አጎቴ ሰላም ብሎሃል ብለህ ንገረው። በሰው አገር የአገር ልጅ ያህል ነገር የለም፤ እንዳትለያዩ።

አጎትህ


ከቤርገን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር የኔታ፤ እንኳን ለልደቱ አደረስዎ፤ ደብዳቤው ከበዓሉ በፊት እንዲደርስ ብዬ ነው የተጣደፍኩት።

መጀመሪያ ጣውላውን በአመድ ውሃና በጠንካራ ብሩሽ ይጠቡት፤ ጥቁሩ ይለቃል። ከዚያ አራት አምስት ቀን በደንብ ይድረቅ። እንደ ደረቀ ለማወቅ ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡበት፤ ወዲያው ከጠጣው ደርቋል። ተገኘ ደግሞ ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍገው፤ ግን ወደ እንጨቱ ጅማት እንጂ ወደ ጎን አይሁን፣ ያቆስለዋል። ዘይቱን ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ በማቆየት ሞቅ ያድርጉት። ሲቀቡ በስሱ ነው። የኛ ሰው የበዛ የተሻለ ይመስለዋል፤ ዘይት ሲበዛ ግን ላዩ ላይ ሙጫ ይሆንና ነጠላ ይይዛል። ቀብታችሁ ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ ያልጠጣውን በጨርቅ እየጠረጋችሁ አንሡ። ብዙ ጨርቅ ያስፈልጋል። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ቀቡት። ውርጭ ስላለ ጠዋት አይሁን፣ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጀምሩ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። እሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል።

አንዷለም ሥራ ቀይሯል። ብዙ አንገናኝም።

ልጅዎ ምንይሉ


ከሞላሌ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ፤ ጥምቀትን በደኅና አሳልፈን፣ በሥራም በደስታም ደክመን፣ ይኸው ልንነግርህ ተቀመጥን። «ልንነግርህ» ያልኩት አልጣሽ አጠገቤ ተቀምጣ ይኸን ጻፍ፣ ያንን ጻፍ ስለምትለኝ ነው።

በረንዳው ዛሬ ሁለተኛውን ቅባት ጠጥቶ አለቀ! ቀለሙ ወለላ ማር ሆነ ብልህ አላጋነንኩም። ተገኘ አራት ጊዜ እየተነሣ ሄዶ አየው። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቆሙበትና «ይሞቃል» አሉ። እንጨት መሆኑ እንጂ አይሞቅም ብላቸው አልሰሙኝም።

ጨርቅ ብዙ ያስፈልጋል ባልከው መሠረት ሴቶቹ አሮጌ ነጠላቸውንና መቀነታቸውን እየቀደዱ ሰጡ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደረገውን ሌላ ቀን እጽፋለሁ ያልከው አልደረሰንም፤ እኛም እንደ ልማዳችን አደረግን። የኪዳነ ምሕረትን ደጅ የጠረገ ጨርቅ መንገድ ላይ አይጣልም። ሁሉንም ጠቅልለን በማዳበሪያ ጠቅጥቀን፣ አፉን አስረን፣ ዕቃ ቤት ከከበሮዎቹ ጎን አስቀመጥነው። ለንግሥ ዕለት ለእያንዳንዷ እየቆረስን ለበረከት እንሰጣለን። አልጣሽ ላንተም አንድ ቁራጭ እንድንልክ ትላለች።

እፀገነት ነገ ጠዋት ትወርዳለች፤ ይህን ይዛልህ ትሄዳለች።

ደስ ያለው አጎትህ


ከቤርገን፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፤ ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ።

ማዳበሪያውን አሁኑኑ ያውጡት። ከዕቃ ቤት አርቃችሁ ሜዳ ላይ ዘርጉት፣ ወይም ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። ጨርቁ ተጠቅጥቆ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት፣ ያለ ምንም ይነድዳል። ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩ ነው፤ ለእርስዎ፣ ለተገኘ፣ ለወረዳው ጭምር። ማንም አያነሣም። እፀገነት ይህን እንዳየች እንድትመለስ ለምኛታለሁ። እሷም መንገድ ተዘግቶባት ደብረ ብርሃን የደረሰችውና የእርስዎን ደብዳቤ የላከችልኝ ትናንት ነው።

ስለ ጨርቆቹ ያልጻፍኩልዎ ረስቼ አይደለም።

ባለፈው ነሐሴ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት ባልቴት በረንዳ እኔና አንዷለም ቀባን። የአንዷለም ልጅ ታሞበት ስለነበር «ሂድ፣ ጨርቁን እኔ እሰበስባለሁ» አልኩት። እሱ ሄደ፤ እኔ ቸኩዬ ነበርና ጨርቁን በፌስታል ጠቅልዬ ከደረጃው ሥር ከተትኩት፤ በማግሥቱ ላነሣው። አመሻሽ ላይ ነደደ። በረንዳውንና የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ በላው። ሴትየዋ ልጃቸው ዘንድ ስለነበሩ ተረፉ።

አለቃችን ሥራውን ማን ዘጋ ብሎ ጠየቀ። የዕለቱ የሥራ ወረቀት ላይ የተጻፈው የአንዷለም ስም ነበር። አንዷለም ግራ ገብቶት «ልጄን እያሰብኩ ሳላስተውል እኔ ትቼው ይሆናል» አለ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ በዚያ ሥራ ላይ ነው፤ ፈራሁ። እሱ ተባረረ። እስከ ዛሬ ያንን ቤት ያቃጠልኩ እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያምነው።

ለእርስዎ መጻፍ የነበረብኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ጨርቁን ውሃ ውስጥ ንከሩት» የምትል። ግን «እንዴት አወቅህ?» ይሉኛል ብዬ እየፈራሁ ለሌላ ቀን አልኩ። ሌላ ቀንም ሌላ ቀን አልኩ። እርስዎ ስለ አንዷለም ሲጠይቁኝ እንኳ ዋሸሁዎ።

ምን ሆናችሁ? ብቻ ምን እንደ ሆናችሁ ጻፉልኝ።

ምንይሉ


ከሞላሌ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምንይሉ፤ አትደንግጥ። ሰው አልተጎዳም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቆሟል። ይህን ካነበብክ በኋላ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ሌላውን አንብብ።

መንገዱ ስላልተከፈተ ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። እሳቱ የተነሣው እፀገነት በወረደች ዕለት፣ ቅዳሜ ጥር 24 ነበር። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ አግሎታል። አልጣሽ በደጁ ስታልፍ «ማነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተልባ የሚቆላ?» አለች። በበሩ ስንጥቅ ጭስ ይወጣል። አቶ ወሰኔ፣ አሁን የሰበካው ሊቀ መንበር እሱ ነው፣ ክብሪት የጫረ ሰው ሳይኖር ጭስ ሲያይ ተአምር መስሎት ተንበረከከ። አልጣሽ «ተነሥ! ተአምር አይሸትም!» ብላ በሩን በርግዳ ገባች። ድጓውንና አልባሳቱን አወጣን። ሁለቱ ከበሮና የንግሡ ጃንጥላ ነደዱ፤ በሩም ከሰለ። ቀሪውን በአፈርና በውሃ አጠፋነው። በረንዳው ምንም አልሆነም።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሰኔ ተቆጥቶ ተነሣ። «ፈረንጅ አገር ያለ ልጅ በላከልን ምክር ቤተ ክርስቲያናችን ልትነድ ነበር» አለ። ስምህን ጠራ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ተነሣሁና «ልጁ ስለ ጨርቁ አስጠንቅቆ ጽፎልኝ ነበር፤ ሳላስተውል ያለፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ያኔ ያንተ ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ምን እንደተፈጠረም አላውቅም ነበር። ስምህ በዚያ ደጅ በክፉ ሲነሣ መስማት ስላልቻልኩ ብቻ ነው። የንስሐ አባቴ ለውሸቴ ሦስት መቶ ስግደት ሰጥተውኛል፤ ጉልበቴ እስከ አርባ ድረስ ደኅና ነው፣ ከዚያ በኋላ አልጣሽ ታነሣኛለች።

ደብዳቤህን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ልቆጣህ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ፈርተሃል፤ ብቻህን ነበርክ፤ ይገባኛል። ያ የራቤል ልጅ ግን ልጁን ሲያሳክም የሰው ቤት ያቃጠልኩ እኔ ነኝ እያለ ስድስት ወር ኖረ። ላንተ የምቆም እኔ አለሁ። ለእሱ በዚያ አገር ማን ቆመለት?

እወድሃለሁ። ይህን በጽሑፍ የነገርኩህ አይመስለኝም፤ ይኸው።

አጎትህ


ከቤርገን፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፤ በእግዚአብሔር ፊትም በእርስዎ ፊትም ተንበርክኬ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤዎን ባገኘሁ ማግሥት መጀመሪያ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ጮኸብኝ ብልዎት ይቀለኝ ነበር፤ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ጠቆመኝ። ለአንዷለም እደውላለሁ፣ ወረቀቱንም አስተካክላለሁ ብሏል። እኔ ሥራ የለኝም። የፈቃዱ ነገር እስከ መጋቢት ይታያል።

ከዚያ ሴትየዋ ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ አቁመው ሰሙኝ። «አሁን ለምን ነገርከኝ?» አሉኝ። አጎቴ ስለ እኔ ዋሽተው ይሰግዳሉ ማለትን በእነሱ ቋንቋ እንዴት እንደምለው አጣሁት። «አስተማሪዬ ተናገር አሉኝ» አልኩ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

አንዷለም አሁን ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባል። የጀርባው በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለኝ። አይደለህም አልኩት። «እኔ አይደለሁም?» አለ ደግሞ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ የሥራ ሽርጡን ወደ ዓይኑ አድርጎ አለቀሰ፣ የኔታ፤ እኔን እስኪረሳኝ ድረስ አለቀሰ። እጄን አልጨበጠኝም። ግን አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ከጎኔ ቆመ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ስለ ጨርቁ እኔ እንዳልጻፍኩ፣ ለምን እንዳልጻፍኩም፣ ስሜን ጠርተው ይህንንም የፊተኛውንም ደብዳቤ በንግሡ ዕለት ለሰው ሁሉ ያንብቡልኝ። በስሜ የዋሹትን ይመልሱልኝ። ሕዝቡ ቢረግመኝም የሚረገመው ያጠፋው ሰው ይሁን። እርስዎ በዚያ ደጅ አንገትዎን ደፍተው መቆም የለብዎትም።

ምንይሉ


ከሞላሌ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ፤

ጾሙ ገብቷል፤ በሰላም ያስፈጽምህ። ንግሡ ከጎረቤቱ ሚካኤል በተዋስነው ከበሮ በደኅና አለፈ።

ታቦቷ ከገባች በኋላ ቆሜ ሁለቱን ደብዳቤዎችህን ከራሳቸው እስከ ግርጌያቸው አነበብኩ። የራቤሉ ልጅ ያለቀሰበት ላይ ስደርስ እፀገነት ተቀብላኝ ጨረሰችው። ወሰኔን አየሁት፤ የሚናገር መስሎኝ ነበር፣ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ቀድመው የተናገሩት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ከበረንዳው ላይ፣ ያንን ያልዳነ ክንዳቸውን ደግፈው፣ «ያ የራቤል ልጅ፣ ልጁ ዳነለት?» አሉ። እኔ አላውቅም አልኳቸው። «የእኛስ ልጅ ዛሬ ምን በላ?» አሉ። እሱንም አላውቅም።

በየቀኑ ከኪዳን በኋላ ደጁ ላይ ይጠብቁኛል፤ ሁለቱንም ይጠይቁኛል። ሌሎቹም ሴቶች አብረዋቸው ይቆማሉ። ስለ ከበሮው የጠየቀኝ ሰው የለም። የምመልስላቸው አጥቻለሁና፣ ልጄ፣ ቶሎ ጻፍልኝ።

አጎትህ ወልደ አማኑኤል